«ከ90 ቀን በላይ»፦ ስምንት ዓመት የተጠቀምኩበት የኢንቮይስ አፕ የማያውቀው ቀን

ሥራዬ ትርጉምና የገጽ ቅንብር ነው። አንድ ረዳት አለችኝ። ደንበኞቻችን በየአገሩ የተበተኑ ትንንሽ አሳታሚዎችና ድርጅቶች ናቸው። ሥራውን በኢሜይል እንልካለን፣ ኢንቮይስ እናስከትላለን፣ ከዚያ መጠበቅ ነው። አንዱ በሳምንት ይከፍላል። አንዱ በሦስት ወር። አንዱ ደግሞ ስልኩ እየጠራ አያነሣም።

ይህን ሁሉ የሚይዝልን አንድ የኢንቮይስ አፕ ነው። ከ2016 መጀመሪያ ጀምሮ አብሮን አለ። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው። አንዷ ብቻ ትለያለች፤ ስደርስባት እናገራለሁ።) ስሙን አልጠራም። ሁለት ሌሎች አፖችንም ሞክሬ ያንኑ ጉድለት ስላየሁባቸው፣ አንዱን ነጥዬ ማሳጣቱ ደግ አልመሰለኝም።

ከጥሩው ልጀምር። ኢንቮይስ ማውጣት ላይ እንከን የለውም። የደንበኛውን ስም ሁለት ፊደል ስጽፍ አድራሻውንም፣ የምንገበያይበትን ገንዘብም ራሱ ያመጣዋል። ረዳቴ በአንድ ከሰዓት ለመደችው። በስምንት ዓመት ውስጥ አንድ ኢንቮይስ አልጠፋብንም። አንድ ክፍያም ሳይመዘገብ አልቀረም። ይህን የምለው ለማመስገን ብቻ አይደለም። አንዴ ከጉድ ያወጣኝ ይኸው መዝገብ ነው።

አስታዋሹም ጥሩ ነው። ቀኑ ያለፈበትን ደንበኛ በየጊዜው ራሱ ይጽፍለታል። አጻጻፉ ጨዋ ነው። እኔ ብጽፍ ኖሮ እንደዚያ አልታገሥም ነበር።

ችግሩ ያለው «የዕዳ ዕድሜ» የሚለው ሪፖርት ውስጥ ነው። ያልተከፈሉ ኢንቮይሶችን በአራት ሳጥን ይደለድላል። እስከ 30 ቀን። ከ31 እስከ 60። ከ61 እስከ 90። አራተኛው «ከ90 ቀን በላይ» ይላል። በቃ፣ ከዚያ ወዲያ ሳጥን የለም። በ91ኛ ቀኑ የገባው ኢንቮይስና አምስት ዓመት የሞላው ኢንቮይስ እዚያው ጎን ለጎን ይተኛሉ። ቀለማቸውም አንድ ዓይነት ቀይ ነው።

አከፋፈሉ የሒሳብ ሰዎች ነው። እነሱ ማወቅ የሚፈልጉት ገንዘቡ የመምጣት ዕድሉ ምን ያህል እንደሆነ ነው። ሦስት ወር ካለፈው ተስፋው ስለሚመነምን አንድ ላይ ይጥሉታል። ተስፋው የመነመነ ዕዳ ግን አሁንም በፍርድ ቤት ሊጠየቅ ይችላል። የሚጠየቅበት ጊዜ ደግሞ የሆነ ቀን ያበቃል። ያ ቀን ሁልጊዜ የሚውለው እዚያው አራተኛው ሳጥን ውስጥ ነው። አፑ ስለዚያ ቀን ምንም አያውቅም።

የሕግ ሰዎች ይህን ገደብ ይርጋ ይሉታል። እኔ እስከ 2022 ድረስ ይርጋ ሲባል የሚመጣልኝ የሰው ስም ነበር።

በዚያው ዓመት ማርች ላይ ረዳቴ ሪፖርቱን አትማ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው። ጣቷን አንዱ መስመር ላይ አሳርፋ «ይሄ 0117 እኔ ከመቀጠሬ በፊት ነው እንዴ?» አለችኝ። በፊት ነበር። የእንግሊዝ አገር ደንበኛ፣ የፎቶ መጽሐፍ ቅንብር፣ 3 ሺህ 400 ፓውንድ። መክፈያ ቀኑ ኤፕሪል 30፣ 2016። ከዚያ ሁሉ ገንዘብ የተከፈለን 300 ፓውንድ ብቻ ነው። ቀሪውን ረስቼዋለሁ ማለት አልችልም። ባየሁት ቁጥር ሆዴን ስለሚቆርጠኝ ማየት ትቼ ነበር።

የማውቃቸው አዛውንት ጠበቃ ጋ ደወልኩ። ገና ሰላምታውን ሳንጨርስ «ውሉ በየትኛው አገር ሕግ ነው የሚገዛው?» አሉኝ።

«በእንግሊዝ።»

«እንግዲያው ስድስት ዓመት ነው። አንድ ወር ቀርቶሻል። በመሀል ሰባራ ሳንቲም ከፍለውሻል?»

«ሦስት መቶ ፓውንድ። መቼ እንደሆነ ግን…»

«መቼ የሚለው ነው ዋናው። ፈልጊ።»

አፑን ከፈትኩ። የክፍያ ታሪክ፣ 0117፣ ኦገስት 14፣ 2018። ባንኩ ላይ ከፋዩ በጻፈው ማጣቀሻም «0117» ይላል። ቀኑን አነበብኩላቸው። ሳቅ አሉ። በእንግሊዝ የ1980 የይርጋ ሕግ መሠረት ስድስቱ ዓመት ሳያልቅ ባለዕዳው ከዕዳው ላይ ቆርጦ ከከፈለ፣ ቆጠራው ከተከፈለበት ቀን እንደ አዲስ ይጀምራል። ስለዚህ እስከ ኦገስት 2024 ጊዜ አለኝ ማለት ነው። አንድ ወር የቀረኝ መስሎኝ ሁለት ዓመት ከምናምን አገኘሁ።

እዚህ ላይ ስለ ማጣቀሻው ቁጥር አንድ ነገር ልበል። ለዚህ ደንበኛ በዚያን ጊዜ ሦስት ያልተከፈሉ ኢንቮይሶች ነበሩን። ገንዘብ ሲገባ አፑ ሳይጠይቅ ወደ አሮጌው ኢንቮይስ ይመድበዋል። ነገር ግን ከፋዩ ራሱ «ይህ ለእገሌ ዕዳ ነው» ካለ የሱ ቃል ነው የሚቀድመው። 300ው ፓውንድ ያለ ቁጥር ገብቶ ቢሆን ኖሮ «እኛ የከፈልነው ለሌላው ነው» ብለው ሊከራከሩኝ ይችሉ ነበር። ቁጥሩን የጻፈው የነሱ ሒሳብ ሠራተኛ ነው። ማን እንደሆነ ባውቅ አመሰግነው ነበር። አፑ ማጣቀሻውን ከባንኩ ጎትቶ ማስቀመጡ ደግሞ ትልቅ ነጥብ ያሰጠዋል። በዚህ ግምገማ ውስጥ ትልቁ ነጥብ እሱ ነው።

ጠበቃው የጻፉልኝ ደብዳቤ አንድ ገጽ ነበር። ዋናው፣ የተከፈለው፣ ቀሪው 3 ሺህ 100፣ የክፍያው መዝገብ ቅጂ፣ መክሰሻው ጊዜ ገና እንዳለ። ወለድም ጠየቁልኝ። እንግሊዝ ውስጥ ነጋዴ ለነጋዴ ሲያዘገይ የ1998 ሕግ ከእንግሊዝ ባንክ መነሻ ወለድ ላይ 8 በመቶ ጨምሮ ማሰብ ይፈቅዳል። ጁላይ ላይ ዋናው ገባ። ወለዱን እኔው ተውኩት። ሆደ ቡቡ ነኝ።

የተሳሳትኩት ከዚያ በኋላ ነው። ድሉ ልቤን አሳበጠው። «ስድስት ዓመት» የሚለው ቁጥር ጭንቅላቴ ውስጥ እንደ ችካል ተተከለ። ስድስት ዓመት ረጅም ጊዜ ነው፤ አፑ በየጊዜው እያስታወሰልኝ ነው፤ ምን ያስቸኩለኛል?

ጃንዋሪ 10፣ 2024 ሌላ ቀይ መስመር ላይ ቁጭ አልኩ። የጀርመን ደንበኛ፣ 1 ሺህ 850 ዩሮ፣ መክፈያ ቀን ማርች 15፣ 2020። አፑ «1,396 ቀን አልፎታል» ይላል። 14 አስታዋሽ ተልኳል። ሁሉም «ተከፍቶ ታይቷል» የሚል ምልክት አላቸው። መልስ ግን አንድም የለም። በሆዴ «ገና ሁለት ዓመት አለኝ» እያልኩ ለጠበቃው ደወልኩ። ያንኑ ጥያቄ ጠየቁኝ። በየትኛው ሕግ?

ውሉን አወጣሁት። ደንበኛው ያዘጋጀው ነው። አራተኛው ገጽ፣ ከታች፣ በደቃቃ ፊደል፦ ይህ ውል በጀርመን ሕግ ይገዛል።

ጠበቃው ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ «ልጄ፣ በዐሥር ቀን ነው ያመለጠሽ» አሉኝ።

የጀርመን ፍትሐ ብሔር ሕግ መደበኛው የይርጋ ጊዜ ሦስት ዓመት ነው። አቆጣጠሩ ደግሞ ለየት ይላል። ከመክፈያው ቀን ማግስት አይጀምርም፤ ዕዳው የተፈጠረበት ዓመት ሲያልቅ ነው የሚጀምረው። ስለዚህ በ2020 ጃንዋሪም ይሁን ኖቬምበር ላይ መከፈል የነበረበት ዕዳ ሁሉ አንድ ቀን ላይ ይዘጋል። ዲሴምበር 31፣ 2023። ይህን ሳውቅ ከንዴቱ ይልቅ አድናቆቱ ቀደመኝ። ለማስታወስ ይህን የመሰለ ቀላል ቀን የለም። በዓመቱ መጨረሻ ሳምንት አንዴ መሳቢያን መፈተሽ ብቻ ነው።

እኔ በዚያ ሳምንት ኮምፒውተሬን አልከፈትኩም።

«ዐሥራ አራት ጊዜ ጠይቄያቸዋለሁ እኮ» አልኩ። ጥያቄ ቆጠራውን አያቆመውም። ዐሥራ አራትም ይሁን አርባ፣ በጨዋ ቃልም ይሁን በቁጣ፣ ለውጥ የለውም። እንግሊዝም ጀርመንም በዚህ ይስማማሉ። ደንበኛው መልስ ቢሰጥ ኖሮ፣ «ሥራው ላይ ቅሬታ አለን፣ እንነጋገር» ቢል እንኳ፣ ንግግሩ እስካለ ድረስ የጀርመን ሕግ ቆጠራውን ያግደው ነበር። ዝም ማለታቸው ነው የጠቀማቸው።

መፍትሔው ደግሞ ቀላል ነበር፤ የሚያቃጥለውም እሱ ነው። ጀርመን ውስጥ የክፍያ ማዘዣ ጥያቄ የሚባል የፍርድ ቤት ቅጽ አለ። ምስክር አይጠራም፣ ዳኛ ፊት አይቀረብም። ቢሮው ጀርመን ውስጥ ያልሆነ ባለገንዘብ ማመልከቻውን በርሊን ለሚገኘው የቬዲንግ ፍርድ ቤት ነው የሚያቀርበው። በዲሴምበር ያንን ቅጽ ብሞላ ቆጠራው ይታገድልኝ ነበር። ዐሥራ አራቱ አስታዋሽ ያልሠራውን አንድ ቅጽ ይሠራው ነበር።

እንዲያም ሆኖ ጻፍኩላቸው። ጠበቃው ጻፊ ያሉኝ ለሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ዕዳው ራሱ አልጠፋም፤ ባለዕዳው ከጊዜው በኋላ ቢከፍል እንኳ «መልሱልኝ» ማለት አይችልም። ሁለተኛ፣ ይርጋን ማንሣት ያለበት ባለዕዳው ራሱ ነው። ካላነሣው ዳኛው ስለሱ አያነሡለትም። ደንበኞቹ ግን አነሡት። ከሦስት ዓመት ከአሥር ወር ዝምታ በኋላ መልስ በሁለት ቀን መጣ። ሁለት መስመር፣ በጣም ትሑት። ውስጡ «ፌርዬሩንግ» የምትል ቃል አለች። ይርጋ ማለት ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ያገኘሁት መልስም የመጨረሻውም እሱ ሆነ።

ከዚያ ወዲህ አፑን በሌላ ዓይን ነው የማየው። አንዳንዱ ቁልፍ ያታልላል። ሆን ብሎ ሳይሆን፣ የሠሩት ሰዎች ስለ ክስ ስላላሰቡ።

ለምሳሌ «አባዛ» የሚል ቁልፍ አለ። አሮጌውን ኢንቮይስ በአዲስ ቁጥርና በዛሬ ቀን ያወጣልሃል። ስንቶቻችን ነን ይህን ያደረግን! ዕዳው ወጣት የሆነ ይመስላል፤ ከቀይ ወደ አረንጓዴ ይመለሳል። ሕጉ ግን ወረቀቱን አይደለም የሚያየው። ዕዳው መከፈል የነበረበትን ቀን ነው የሚያየው። ወረቀቱን በማደስ ዕዳ አይታደስም። እንዲያውም ሁለት ኢንቮይስ ለአንድ ሥራ ሲኖር የትኛው እንደሚጠየቅ ማስረዳቱ ሌላ ራስ ምታት ነው።

«የመክፈያ ቀን» የሚለው ቦታም በግድ መሞላት የለበትም። ባዶ ከተውከው አፑ «ሲደርስዎ ይከፈል» ብሎ ያልፈዋል። ትንሽ ነገር ይመስላል። ግን በብዙ አገር የይርጋው ቆጠራ የሚጀምረው ዕዳው መከፈል ካለበት ቀን ነው። ውሉ ስለ ቀኑ ዝም ካለ፣ እንደ እንግሊዝ ባለ አገር ሥራው ከተጠናቀቀበት ቀን ሊቆጠር ይችላል። ኢንቮይሱ ከተላከበት አይደለም። እኔ ሥራ ጨርሼ ኢንቮይሱን ከስምንት ወር በኋላ የላክሁበት ጊዜ አለ። ስምንቱን ወር ከራሴ ላይ ነው የሰረቅሁት ለካ።

«የማይሰበሰብ» የሚል ምልክትም አለ። ስትጫነው ዕዳው ከሪፖርቱ ይጠፋል። ይህ የሒሳብ ሥራ ነው፤ የመክሰስ መብትን አይነካም። ግን ከዓይን ሲጠፋ ከልብም ይጠፋል። ረዳቴ አንዴ ሦስቱን በአንድ ቀን እንደዚያ አድርጋቸው አገኘኋት። አንዱ ገና ዓመት ከግማሹ ነበር። ሪፖርቱ እንዲያምር ብላ ነው። አልተቆጣሁም፤ ሪፖርቱ ግን በእውነት አምሮ ነበር።

ደግሞ ቼክ። ቼክ ደረሰኝ ብለህ ስትመዘግብ አፑ ያንን ኢንቮይስ ወዲያው «ተከፍሏል» ይለዋል። ቼኩ ባዶ ሆኖ ቢመለስ ኢንቮይሱን በእጅ መልሰህ መክፈት አለብህ። ከረሳኸው የሚያስታውስህ የለም። የቼክ ጊዜ ደግሞ አጭር ነው። የ1931ዱን የጄኔቫ የቼክ ስምምነት በተከተሉ አገሮች፣ በቼኩ ላይ ተመሥርቶ አውጪውን ለመጠየቅ ያለው ጊዜ፣ ቼኩ ለባንክ መቅረብ ያለበት ቀን ካለፈ በኋላ ስድስት ወር ብቻ ነው። የዋናው ውል ዕዳ ከዚያ የረዘመ ዕድሜ ሊኖረው ይችላል። የወረቀቱ ግን በግማሽ ዓመት ያልቃል።

አሁን ደግሞ ወደ መልእክቱ ክፍል። ደንበኛው ኢንቮይሱ ሥር አስተያየት መጻፍ ይችላል። ይህ ሳይታወቅ የተቀመጠ ሀብት ነው። «ይቅርታ፣ በሩብ ዓመቱ መጨረሻ እንከፍላለን» ብሎ የሚጽፍ ሰው ዕዳውን እያመነ ነው። ማመን ደግሞ በብዙ ሕግ ቆጠራውን እንደገና ያስጀምራል። እንግሊዝና ህንድ የሚፈልጉት በጽሑፍ የሆነና የተፈረመ እንዲሆን ነው። ለዚህ ነው እንዲህ ያለ መልእክት ሲመጣ አሁን እዚያው ላይ የማላቆመው። «አመሰግናለሁ፤ የኢንቮይስ ቁጥር 0342 ቀሪ ሒሳብ ይህን ያህል መሆኑን በፊርማዎ ያረጋግጡልኝ» የሚል አንድ ገጽ እልካለሁ። የሚገርመው ብዙዎቹ ይፈርማሉ። መክፈል ያቃተው ሰው ለመፈረም አይሰስትም።

አፑ ግን እነዚህን መልእክቶች ወደ ፒዲኤፍ አያወጣቸውም። ኢንቮይሱ ይወጣል፣ ክፍያው ይወጣል፣ ንግግሩ አይወጣም። የቀረው ስክሪንሾት ነው። ደንበኛነትህን ስታቋርጥ ደግሞ ሁሉም አብሮ ይሄዳል። ለዐሥር ዓመት ሊያስፈልግ የሚችል ማስረጃ በየወሩ በሚታደስ ኪራይ ላይ ማስቀመጥ ያስፈራል። በዚህ አንድ ኮከብ ቀንሼበታለሁ።

ዐሥር ዓመት ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ከተሸነፍኩ በኋላ ተናድጄ የደንበኞቼን አገሮች አንድ በአንድ ከጠበቃው ጋር አየሁ። ፈረንሳይ አምስት ዓመት፣ ከ2008 ማሻሻያ ወዲህ። በፊት ለነጋዴዎች ዐሥር ነበር። ህንድ ሦስት። ስኮትላንድ ከእንግሊዝ ጋር አንድ መንግሥት ሆና አምስት ዓመት ትላለች፤ ይህም ብቻ ሳይሆን እዚያ አምስቱ ሲያልቅ ዕዳው ራሱ ይሞታል። እንግሊዝ የሚዘጋው የፍርድ ቤቱ በር ነው፤ ዕዳው ውጭ ቆሞ ይቀራል። አሜሪካ በየግዛቱ ነው፦ ኒውዮርክ ለውል ስድስት ዓመት፣ ካሊፎርኒያ ውሉ በጽሑፍ ከሆነ አራት፣ በቃል ከሆነ ሁለት። በስልክ «እሺ ጀምሪ» የተባልኩባቸውን ሥራዎች አስቤ ላብ አሰጠመኝ።

የኢትዮጵያው ከዚህ ሁሉ ሰፊ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ (ያልኳችሁ ልዩዋ ዓመት እሷ ናት፤ በኛ አቆጣጠር ነው) ቁጥር 1845 ሌላ ድንጋጌ ከሌለ በቀር ዐሥር ዓመት ይላል። ቁጥር 1851 ደግሞ ይርጋው የሚቋረጥባቸውን ነገሮች ይዘረዝራል። ባለዕዳው ዕዳውን ሲያምን፣ ለምሳሌ ወለድ ወይም ከፊሉን ሲከፍል፣ መያዣ ወይም ዋስ ሲሰጥ። ወይም ባለገንዘቡ ፍርድ ቤት ሲሄድ። እዚህም ዳኛው በራሳቸው ይርጋን አያነሡም፤ ቁጥር 1856 ነው። ተከሳሹ ከመነሻው በመቃወሚያ ማንሣት አለበት። ሕጉ ዐሥር ዓመት ስለሰጠ ማስረጃው ዐሥር ዓመት ይቆያል ማለት ግን አይደለም። የተበላሸ ሃርድ ዲስክ ይርጋ አያውቅም።

ብድር በምድር እንል የለ? በምድርም ቢሆን ቀኑ ተቆርጦለታል።

እንግዲህ እኔ ምን አደረግሁ? አፑ ውስጥ «ተጨማሪ መረጃ» የምትል ባዶ ሳጥን አለች። «መክሰሻው የሚያበቃበት» ብዬ ሰየምኳት። አዲስ ኢንቮይስ ሲወጣ ረዳቴ ሁለት ነገር ትሞላለች። የውሉ ሕግ የየትኛው አገር እንደሆነ፣ እና ቀኑ። ሳጥኗ የምትቀበለው ጽሑፍ ብቻ ስለሆነ አፑ በቀን ቅደም ተከተል አይደረድራትም፤ ሲቃረብም አያስጠነቅቅም። ስለዚህ ያንኑ ቀን ስልኬ ካላንደር ላይ እደግመዋለሁ። አንዱ ማስጠንቀቂያ ዓመት ሲቀረው፣ ሁለተኛው ስድስት ወር ሲቀረው ይጮኻል። ስድስት ወር የመረጥኩት ጠበቃ ፈልጎ፣ ደብዳቤ ጽፎ፣ መልስ ጠብቆ፣ ካልሆነ ክስ ለማስገባት ስለሚበቃ ነው። የጀርመኖቹ ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ ሁሉ ጁላይ 1 ላይ ይጮኻል።

ከፊል ክፍያ በገባ ቁጥር ቀኑ ይቀየራል። ይህን ረዳቴ ከኔ በላይ ለምዳዋለች። «እነዚህ ሰዎች ሃምሳ ላኩ፣ ሰዓታቸውን ላዙረው?» ትላለች።

አንድ ደንበኛ ጋ ደግሞ ሌላ መንገድ ሞክረናል። ገንዘብ አጥሯቸዋል፤ መክሰስ አልፈለግኩም፤ ጊዜው ግን እየሮጠ ነው። ለአንድ ዓመት ቆጠራው እንዲቆም በጽሑፍ ተስማማን። በእንግሊዝ ሕግ እንዲህ ያለ ስምምነት የተለመደ ነው። ጠበቃው ረቂቁን አዩት፣ ሁለታችንም ፈረምን። ግንኙነታችን አልተበላሸም፤ አሁንም ሥራ ይልኩልናል። እየከፈሉም ነው፣ በጭብጥ በጭብጡ።

ለአፑ ድጋፍ ክፍል ጻፍኩ። ክስ አይደለም የጠየቅሁት፣ የሕግ ምክርም አይደለም። «ከ90 ቀን በላይ» የሚለውን ሳጥን በዓመት በዓመት ክፈሉልን፤ ተጠቃሚው የራሱን ቀን የሚሞላበትና የሚያስጠነቅቅ ቦታ ጨምሩልን። ሁለት ነገር ብቻ። በማግስቱ ትሑት መልስ መጣ። ሐሳቡን ለሚመለከተው ክፍል አስተላልፈናል፤ የሕግ ጥያቄ ካለዎት የሕግ ባለሙያ ያማክሩ። ሁለተኛው አባባል ትክክል ነው። አማክሬያለሁ። ያማከርኩትን የምጽፍበት ቦታ ነው ያጣሁት።

ታዲያ ይህን አፕ ለሌላ ሰው እመክራለሁ ወይ? ለማውጣትና ለመመዝገብ፣ አዎ። ደንበኞችህ ሁሉ በአንድ አገር ውስጥ ከሆኑና ዕዳ ከሦስት ወር በላይ የማታሳድር ሰው ከሆንክ፣ ጉድለቱ ጨርሶ ላይገጥምህ ይችላል። እንደኔ ደንበኛህ የተበታተነ፣ ለማሳዘን የምትፈራና «ይከፍላሉ» እያልክ ዓመት የምትቆጥር ከሆንክ ግን ጎኑ ሌላ ነገር ያስፈልግሃል። ካላንደርም ይሁን ደብተር። ከአምስት ኮከብ ሦስት ሰጥቼዋለሁ። አንዱን የቀነስኩት ለመልእክቶቹ ነው፤ ሁለተኛውን ለአራተኛው ሳጥን።

ባለፈው ወር ትልቅ ማሻሻያ ወጣ። ረዳቴና እኔ ጓጉተን ከፈትነው። «ከ90 ቀን በላይ» አሁንም እዚያው አለ። ቀዩ ብቻ ወደ ብርቱካናማ ተቀይሯል፤ ዓይን እንዳያስጨንቅ ነው አሉ።